ካፒቴንና አሥራ ሰባቱ ባዶ ሳጥኖች

ሰፈሩ «ካፒቴን» ብሎ ስም ያወጣለት መጀመሪያ ለማላገጥ ነበር። ሥራው የስፌት መኪና ጥገና ነው። ሱቁ በፀጉር ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል እንደ ሽብልቅ የተሰካች፣ በአራት እርምጃ ተጀምራ የምታልቅ ክፍል ናት። በስተግራ ጥገና የሚጠብቁት መኪናዎች ተራ ቁጥር ተለጥፎባቸው ተሰልፈዋል፤ በስተቀኝ መርፌው፣ ቀበቶውና መዘውሩ በየመጠኑ ተሰቅሏል፤ ከጣሪያው ደግሞ ከቀጭን እንጨትና ከወረቀት የተሠራች፣ ክንድ የምታህል አውሮፕላን በናይሎን ክር ተንጠልጥላ በሩ በተከፈተ ቁጥር አፍንጫዋን ወደ መንገዱ ታዞራለች። ልብስ ሰፊዎቹ ክር የምትበጥስ መኪና ተሸክመው ይመጡና፣ እስክትሠራላቸው ድረስ ክንፍ በነፋስ ላይ እንዴት እንደሚንሳፈፍ ተምረው ይመለሳሉ። አንዷ እንዲያውም መኪናዬን ላሠራ ሄጄ አብራሪ ሆኜ መጣሁ እያለች ለጎረቤት ስታወራ ከርማለች።

ፌዙ ቀስ በቀስ እውነት ሆነ። በአርባ ሦስት ዓመቱ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሣር ሜዳ ላይ ባለው የበረራ ክበብ ተመዘገበና በሁለት ዓመቱ የግል አብራሪነት ፈቃድ ወሰደ። ክበቡ የነበረው አንድ አሮጌ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ብቻ ነው። እሱኑ ሃያ ሦስት አባላት ይሻሙታል። ተራ የሚደርሰው በሁለት ወር አንዴ ነበር፤ ያውም ነፋሱ ከፈቀደ። ካፒቴን ሌላ ሁለት ዓመት ተራ ሲጠብቅ ቆየና በአርባ ሰባት ዓመቱ የራሱን ሊሠራ ቆርጦ ተነሳ። አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አካሏ ከአሉሚኒየም ቱቦ፣ ክንፏ በጨርቅ የተለበጠ፣ ባዶዋን ሁለት መቶ አርባ ኪሎ የምትመዝን ትንሽ አውሮፕላን። የክንፉን ጨርቅ በገዛ እጁ፣ በገዛ መኪናው ሰፋው። ሁሉም ነገር ተጠቃሎ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ዓመት ፈጀ።

ስለ በረራና ስለ በረራ ሕግ ያለውን አቋም የማያውቅ የመንገዱ ሰው የለም። ከፀጉር አስተካካዩ ጋር በዚህ ነገር ያልተጨቃጨቁበት ቀን አይገኝም። ሁለቱን ሱቆች የሚለየው ግድግዳ ስስ በመሆኑ፣ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ መቀሱ ጆሮው ሥር እየተንጫጫ ክርክሩ በግድግዳ በኩል ይቀጥላል። የፀጉር አስተካካዩ አቋም አጭር ነው፤ ለመዝናኛ ብሎ መብረር ጭራሽ ይከልከል።

«መኪና ቢበላሽ ዳር ይዞ ይቆማል» ይላል። «ያንተዋ ብትበላሽ የት ነው የምትቆመው? የኔ ጣሪያ ላይ።»

በሌላ በኩል የክበቡ ሊቀመንበር አለ። ጡረታ የወጣ የመንገድ መሐንዲስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፈቃድ ሲያስፈርም የኖረ ስለሆነ፣ የፈቃድ ነገር ሲነሳ ቆሽቱ ያርራል። በእሱ ሐሳብ መንግሥት ከትንንሾቹ አውሮፕላኖች ላይ እጁን ያንሳ፤ የሚበረው ሰው ነፍሱ የራሱ ናት፤ ሌላው ምን አገባው?

ካፒቴን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱም ይቆጡታል። መብረር የባለ ሀብት ቅብጠት ነው የሚለውን ሽንጡን ገትሮ ይቃወማል። የስፌት መኪና ጠጋኝ ከሠራው ማንም ይሠራዋል ባይ ነው። ሕግ አያስፈልግም የሚለውን ደግሞ ጨርሶ መስማት አይፈልግም። ለሊቀመንበሩ አንድ ቀን በክበቡ ጓሮ እንዲህ አለው፦ «መንገድ ላይ ብስክሌትም አውቶቡስም ይሄዳል። ብስክሌተኛውን በአውቶቡስ ሹፌር ፈተና ብትፈትነው ብስክሌት ይጠፋል። ጭራሽ ባትፈትነው ደግሞ ብስክሌተኛው ይጠፋል። እኔ የምለው ለብስክሌት የሚሆን ሕግ ይጻፍልን ነው።»

ያን ጊዜ የነበረው ሕግ የሚያውቀው አውቶቡሱን ብቻ ነበር። የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ የብቃት ማረጋገጫ ቅጽ ስድሳ አራት ገጽ ሲሆን፣ የተዘጋጀውም መንገደኛ ለሚያመላልስ አውሮፕላን ነው። ካፒቴን አንድም ጥያቄ ሳይዘል ሞላው። «የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች ብዛት» ለሚለው «በር የለውም፤ በሁሉም በኩል ይወጣል» ብሎ ጻፈ። «የበረራ አስተናጋጆች ብዛት» ለሚለው «አንድ፤ ራሴ» አለ። ቅጹ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ በጥንቃቄ በተጻፈ ቀይ ጽሑፍ አንዲት ቃል ነበረችበት፦ አይቻልም። የፈረመችው የመሥሪያ ቤቱ ዋና መርማሪ መሐንዲስ ናት። የክበቡ አባላት ሁሉ በየጊዜው ከእሷ ተመሳሳይ መልስ ስለደረሳቸው «ወይዘሮ አይቻልም» ይሏታል፤ ትክክለኛ ስሟን ከነአካቴው የረሱም ነበሩ።

አውሮፕላኗ የተሠራችው በታላቅ እህቱ ግቢ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ነው። እትዬ በስምንት ዓመት ትበልጠዋለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ጫማ ማሰር ያስተማረችው፣ ጥርሱን ነቅላ የጣለችለት፣ ዛፍ ላይ ሲወጣ ከሥር ቆማ «ውረድ» ያለችው። ለሠላሳ አንድ ዓመት የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። የአውሮፕላኑን ነገር አልወደደችውም፤ አልከለከለችውም። መጠለያውን ፈቅዳ፣ ቱቦና ጨርቅ ሲገባ ዝም ብላ አየች። የመጀመሪያውን ቡሎን ያጠበቀ ቀን ግን የንባብ መነጽሯን አድርጋ፣ ባለ መስመር ደብተር ይዛ መጣች። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ዓምድ ከፍላዋለች። በግራው «ያጠበቀ»፣ በቀኙ «የቆጠረ» የሚል ተጽፏል።

ካፒቴን ሳቀ። ስለ አውሮፕላን ምን ታውቂያለሽ አላት።

«ስለ ሆድ ዕቃም የሚያውቀው ሐኪሙ ነበር» አለችው። «እኔ የማውቀው አሥር ፋሻ ከገባ አሥር ፋሻ መውጣት እንዳለበት ነው። ሐኪሙ ይሰፋል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ ካልሞላ አይዘጋም። ስንት ትልልቅ ሐኪም ጮኾብኛል መሰለህ።»

ሕጓ ይህ ነበር፦ ያጠበቀ እጅ አይቆጥርም። ካፒቴን ቡሎኑን በመለኪያ መፍቻ በልኩ ያጠብቃል፤ ዳዶው በንዝረት እንዳይፈታ የሚይዘውን ቀጭን መቆለፊያ ሽቦ ያስገባል፤ በግራው ዓምድ ይፈርማል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይላል። እትዬ ትመጣና ዳዶውን ትነካለች፣ ሽቦውን በጥፍሯ ትስባለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ በቀኙ ትፈርማለች። ፊርማዋ የዓሣ መንጠቆ የምትመስል ትንሽ ነገር ናት። አንዳንድ ቀን መነጽሯን ከፍ አድርጋ ትመለከተውና ያላንዳች ቃል መፍቻውን መልሳ ትሰጠዋለች፤ ያን ጊዜ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው።

አንድ ጊዜ፣ ለምን በማይገባሽ ነገር ትደክሚያለሽ፣ ከክበቡ አዋቂ ሰው ልጥራ ብሏት ነበር። ደብተሩን ዘግታ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ያንተም የእነሱም ዓይን መብረር ነው የሚፈልገው» አለች። «መብረር የፈለገ ዓይን የጎደለውን ሞልቶ ያያል። የኔ ዓይን እንድትቀር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ቆጣሪዋ እኔ ነኝ።»

አውሮፕላኗ በጠቅላላው አራት መቶ አሥራ ሁለት ቡሎኖች አሏት። እትዬ ሦስት መቶ ዘጠና አምስተኛውን ማክሰኞ ቀን ቆጥራ ፈረመች። እሑድ ሆስፒታል ገባች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችበት ሆስፒታል ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተች። አልጋው አጠገብ በነበረው ሰሌዳ ላይ ሙቀቷ፣ የልብ ምቷና የወሰደችው መድኃኒት በየሰዓቱ ተመዝግቧል፤ የመጨረሻው መስመር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ያቆማል። ካፒቴን ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበው። በየመስመሩ ሁለት ፊርማ ነበረበት። ጓደኞቿ እሷ እንዳስተማረቻቸው ሠርተውላታል።

ከቀብሩ በኋላ እጁ ሥራ ሲፈታ ሐዘኑ ስለሚያይልበት ወደ መጠለያው ገባ። የቀሩትን አሥራ ሰባት ቡሎኖች፣ አብዛኞቹ በጅራቷ በኩል ያሉትን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ አጠበቃቸው። በግራው ዓምድ ፈረመ። የቀኙ ባዶውን ቀረ።

በዚያው ሰሞን የዓመታት ወሬ እውነት ሆኖ፣ መሥሪያ ቤቱ ስለ ትንንሽ የመዝናኛ አውሮፕላኖች ረቂቅ መመሪያ አወጣ። ረቂቁ ሁለት አማራጭ ነበረው። አንደኛው በግለሰብ የተሠሩ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላኖች የራሳቸው ምድብና የራሳቸው ቅጽ እንዲኖራቸው የሚል ነው። ሁለተኛው እስከ ወዲያኛው እንዲከለከሉ ይላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚጸድቅ የሚወሰነው ዋና መርማሪዋ አንድ አውሮፕላን መርምራ በምታቀርበው ሪፖርት ሲሆን፣ የሚመረመረውን እንዲመርጥ ዕድሉ ለክበቡ ተሰጠ። ሊቀመንበሩ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አላደረም፤ የካፒቴንን መረጠ። በሦስት ደብተር የተመዘገበ ሌላ አውሮፕላን በአገሩ የለም። ካፒቴን ከወደቀ የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ሥራው ለቁራሌው ይሸጣል፤ ከእሱ በኋላ ቱቦ ሊቆርጥ ያሰበም ሁሉ መጋዙን ያስቀምጣል።

ምርመራው ሐሙስ ሊሆን ሰኞ ዕለት ሊቀመንበሩ ደብተሮቹን ሊያይ ወደ እትዬ ግቢ መጣ። የመጀመሪያውን አገላብጦ ረካ፤ ሁለተኛውን አይቶ ፈገግ አለ፤ የሦስተኛው የመጨረሻ ገጽ ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። እነዚህ አሥራ ሰባት ባዶ ሳጥኖች ምንድን ናቸው? ወይዘሮ አይቻልም ሌላው ቢቀር ነጥብ የጎደለች እንደሆነ ቅጽ የምትመልስ ሴት ናት! ስለ እግዚአብሔር ብለህ ዛሬውኑ ሙላቸው አለው።

የእትዬ ልጅ ከበሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ በቤቱ ውስጥ ከእናቷ ጋር የኖረችው እሷ ብቻ ናት።

«አጎቴ፣ ካስፈለገ የእማዬን ፊርማ እኔ እችልበታለሁ» አለች። «አራተኛ ክፍል ሆኜ የውጤት ካርዴ ላይ ስንቴ ፈርሜላታለሁ።»

ካፒቴን ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ አላቆም ብሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ልጅቷም አብራው ሳቀች። መንጠቆ የመሰለችው ፊርማ በአንድ ደቂቃ ልትመለስ ትችላለች፤ አሥራ ሰባት ጊዜ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አውጥቶ ይዟል።

«አላየቻቸውማ» አለ ካፒቴን። ደብተሩን ከሊቀመንበሩ እጅ ወስዶ ዘጋው።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላኗን በከባድ መኪና ጭነው ወደ ሣር ሜዳው ወሰዷት። ወይዘሮ አይቻልም በሰዓቷ መጣች፤ ቀጭን፣ ጫማዋ ዝቅ ያለ፣ ቦርሳዋ የከበደ ሴት። አውሮፕላኗን አንዴ ዞራት፤ አልነካቻትም። ከዚያ በክበቡ መጠለያ ጥግ ካለች ጠረጴዛ ተቀመጠችና ደብተሮቹን አንድ ብላ ጀመረች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አነበበች። የክበቡ አባላት በሩቁ በአንድ እግራቸው ቆመዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቆጣሪዋ ሞታብኝ ነው» አለ ካፒቴን።

«ማን ነበሩ?»

«እህቴ። የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነበረች።»

ወደ ኋላ መለስ ብላ ሦስት አራት ገጽ ገለጠች፤ መንጠቆዎቹን አየች። ዳር ዳሩ ላይ እትዬ በጥቃቅን ጽሕፈት ያሰፈረቻቸው ማስታወሻዎች ነበሩ፦ «211፣ ላልቷል፣ ተመለሰ።» «212፣ ደኅና።» «300፣ እጁ ደክሟል፣ ለነገ ይቆይ።»

«ለምን አልሞሉትም ታዲያ? ማን ያውቅብዎት ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ። አየሁ ብላ የፈረመችው ሁሉ ያየችው ነው። እነዚህን አላየችም።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ባዶ ሳጥን ያለበት መዝገብ ሲቀርብላት የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችው። ሁሉም ሰው ሞልቶ ነው የሚያመጣው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ። «የሞላ መዝገብ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ» አለች። «የእርስዎን ሦስት መቶ ዘጠና አምስት የማምነው በአሥራ ሰባቱ ምክንያት ነው።»

ሊቀመንበሩ ፊቱ በራ። መርማሪዋ ግን ወደ እሱ ዞራ «እንዲህ እንዳለች ግን አይቻልም» ስትል መልሶ ጨለመ። አሥራ ሰባቱ እስከ ቀጣዩ ሐሙስ በሁለተኛ ሰው ይቆጠሩ፤ የሚቆጥረው ሰው የክበቡ አባል አይሁን፤ አውሮፕላኗ ብትበር የሚጠቀም ማንም አይሁን። ይህን ብላ ቦርሳዋን ዘጋች።

ካፒቴን ወደ ሰፈር ሲመለስ ሱቁን አልከፈተም። በቀጥታ ፀጉር ቤቱ ገባና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ ጨርቁን አንገቱ ላይ ሊያስር ሲል ያዘውና ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው።

«እኔ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ባትበር ደስ የሚለኝ ሰውዬ?»

«እሱን ፍለጋ ነው የመጣሁት። አንተን የሚያህል ጠላት በከተማው የለኝም።»

ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አየው። ማበጠሪያውን መታ መታ አደረገና ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል ብሎ ጠየቀ። ግማሽ ቀን ሲባል፣ እሑድ እመጣለሁ፣ ነገር ግን አንዷን እንኳን ካላመንኩ አልፈርምም፣ ስለ ጉርብትና እያልክ እንዳትለማመጠኝ አለ። ካፒቴን በዕለቱ ትንፍሽ እንደማይል ማለለት።

እሑድ ጠዋት በእትዬ ግቢ አውሮፕላኗ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ፀጉር አስተካካዩ የሥራ ካፖርቱን ለብሶ፣ አንዲት ነገር በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። ፎጣው ሲፈታ ደንበኞቹን የማጅራታቸውን አቆራረጥ የሚያሳይባት፣ እጀታ ያላት የእጅ መስታወት ናት። ካፒቴን አሠራሩን አስረዳው፤ ዳዶውን ንካ፣ ሽቦውን በጥፍርህ ሳብ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ብሎ ቆመ። የእትዬ ልጅ ደብተሩን ይዛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት፤ ደኅና» እያለ ሰውዬው ጀመረ። ቸኩሎ ይጨርሳል ያሉት ተሳሳቱ። ጢም ሲላጭ እንደሚያደርገው ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ በማይታየው በኩል መስታወቱን ያስገባል። አምስት አለፈ፤ ሰባት፣ ስምንት አለፈ። ከጅራቷ ሆድ ሥር በጀርባው ተጋድሞ አራት መቶ ስድስተኛው ላይ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ።

«ካፒቴን» አለ። ሲያላግጥ አይመስልም ነበር። «የዚህኛው ሽቦ የታለ?»

ካፒቴን ተንበረከከ። ከፊት በኩል ሲታይ ዳዶው በልኩ ጠብቋል። መስታወቱ ያሳየው የጀርባው ቀዳዳ ግን ባዶ ነበር። ይህ ቡሎን፣ አብራሪው መሪውን ሲስብ የአውሮፕላኗን ጅራት የሚያዝዘው ዘንግ የሚያያዝበት ነው። መቆለፊያ ከሌለው የሞተሩ ንዝረት ዳዶውን ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ዘንጉ የወለቀ ቀን አፍንጫዋን ከመሬት ቀና ማድረግ አይቻልም። በነበረበት ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

ቀኑ ትዝ አለው። አራት መቶ ስድስትን ያጠበቀው ሆስፒታሉ የእትዬን ዕቃ የላከ ዕለት ነው። ዳዶውን አጥብቆ ሽቦውን ከጣሳው ሊያወጣ ሲል በሩ ተንኳኳ። በፌስታል የተቋጠረ ነገር ተቀበለ፤ ነጠላ ጫማዋ፣ የእጅ ሰዓቷ፣ የንባብ መነጽሯ። ሲመለስ ፈረመና ወደ አራት መቶ ሰባት አለፈ።

የእትዬ ልጅ ከበርጩማው ተነሳች። «እኔ ፈርሜልህ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። ፀጉር አስተካካዩ ከሥር ወጣ፤ ካፖርቱን አራገፈ፤ የጎረቤቱን ትከሻ በእጁ ያዝ አደረገና «ተነስ፣ ሽቦህን አምጣ» አለ። «ገና ስድስት ይቀሩኛል።»

ሽቦው ገባ። ፀጉር አስተካካዩ በጥፍሩ ሳበው፤ በመስታወቱ አየው፤ እንደገና ሳበው። ቀሪዎቹን ስድስት ከመጀመሪያዎቹ በእጥፍ ጊዜ ቆጠረ። የደብተሩን ነገር የወሰነው ካፒቴን ራሱ ነው። በአራት መቶ ስድስት አጠገብ፣ እትዬ በምትጽፍበት ዳር ላይ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «406፣ መቆለፊያ ሽቦ አልነበረውም። የረሳሁት እኔ ነኝ። በቆጠራ ተገኘ፤ ገባ።» ሊቀመንበሩ ይህን በሰማ ጊዜ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። በገዛ እጅህ መክሰሻችንን ጻፍክ አለው።

ሐሙስ ዕለት አውሮፕላኗ እንደገና ሣር ሜዳው ላይ ቀርባ፣ ወይዘሮ አይቻልም ያንን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን አስጠርታ፣ እንዴት እንዳገኘው ጠየቀችው። እሱም መሬት ላይ ተጋድሞ፣ መስታወቱን አስገብቶ አሳያት። እሷም ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ በጥሩ ልብሷ እዚያው ሣር ላይ ተጋደመችና በመስታወቱ አየች። የክበቡ አባላት እርስ በርሳቸው ተያዩ። ተነስታ ልብሷን አራገፈች፤ አሥራ ሰባቱንም ቡሎኖች በራሷ መለኪያ ለካች፤ ሞተሩን አስነስታ አስጠፋች፤ ክንፉን ተጫነች፤ የካፒቴንን ስፌት በጣቷ ተከትላ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ስፌቱን ስትጨርስ የመኪና ሥራ ነው ወይስ የእጅ ብላ ጠየቀች። የመኪና ነው ሲላት ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ጻፈች፤ ረጅም ጊዜ ጻፈች። ሊቀመንበሩ መታገሥ አቃተውና ጠጋ ብሎ «እሺ፣ እንዴት ሆነ?» አላት።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ቀና ሳትል። «ነፋሱ እኮ ሊነሳ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ካፒቴን በአምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በራሱ አውሮፕላን ውስጥ ተቀመጠ። ወሬው ሰፈር ደርሶ ነበርና ልብስ ሰፊዎቹ በሚኒባስ መጥተዋል፤ የእትዬ የሥራ ባልደረቦች የሆኑ ሁለት ነርሶችም ነበሩ። ሞተሩ ጮኸ። ትንሿ አውሮፕላን ሣሩ ላይ እየነጠረች ሮጠች፤ ነጠረች፣ ነጠረች፣ ከዚያ መንጠሯን ተወች። አንዷ ልብስ ሰፊ «ተነሳች» አለች በለሆሳስ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ከላይ ሲታይ የክበቡ ጣሪያ የክብሪት ሳጥን ያህል ነበር። ካፒቴን መሪውን ሳብ አደረገ፤ ጅራቷ ታዘዘችው። ገፋ አደረገ፤ ታዘዘችው። በቀኝ ክንፉ በኩል ከተማው ተዘርግቷል፤ መንገዱን፣ የሱቁን ጣሪያ፣ አጠገቡ ያለውን የፀጉር ቤቱን ጣሪያ ፈልጎ አገኘ። ከዚያ ወዲያ የእትዬን ግቢ፣ ባዶውን የቆርቆሮ መጠለያ። ያን ጊዜ ብቻውን አፉን ሞልቶ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ነው። በልጅነቱ ከዛፍ ሥር ቆማ «ውረድ» ስትለው፣ ሳይወድቅ እንዲወርድ ከሥር የዘረጋችለት ሁለት እጅ እስከ ዛሬ እንዳልታጠፈ ገባው። ሜዳውን አራት ጊዜ ዞረው። መሬት ስትነካ አንዴ ብቻ ነጠረች።

መመሪያው በአራተኛው ወር ጸደቀ። የተመረጠው የመጀመሪያው አማራጭ ነው። ቅጹ ስድስት ገጽ ሲሆን ስለ አስተናጋጅ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በሁለት ሰው እንዲፈረምና ሁለተኛው ፈራሚ አብራሪው፣ ባለቤቱ ወይም በበረራው የሚጠቀም ሌላ ሰው እንዳይሆን ይደነግጋል። ካፒቴን አንቀጹን ገልብጦ በሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ከቀበቶዎቹ በላይ ሰቅሎታል። በዚህ ዓመት ብቻ አሥራ አንድ ሰው ቱቦ መቁረጥ ጀምሯል፤ አንዷ ያቺ አብራሪ ሆኜ መጣሁ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። በዚያ ጠዋት ሞተሩ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ሲሮጥ፣ ሊቀመንበሩ እያለቀሰ ካፒቴንን ከመቀመጫው ሊያወጣ ሲታገል፣ የእትዬ ልጅ አንገቱ ላይ ስትጠመጠም፣ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ማንም አልሄደም። ሕዝቡን በክርኑ ሰንጥቆ ወደ ኋላ ዞረ፣ ከጅራቷ ሥር በጀርባው ተጋደመ፣ መስታወቱን አስገባ።

«ሽቦው አለ» ሲል ድምፁ ከሥር ተሰማ።

ወጥቶ የበረራ መዝገቡን ጠየቀ። በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ከካፒቴን ፊርማ በስተቀኝ፣ ስሙን ፈረመ።